ለዚህ ሽማግሌ ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ልግጠምለት ወይስ ይብቃው?

ዘገምተኛው

ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ኮር አይ5 ነው፣ ሦስተኛ ትውልድ። ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል። ዴስክቶፑ ይመጣል፣ ግን መጣ ማለት ተከፈተ ማለት አይደለም። አንድ ፎልደር ነካ ካደረግኩ ያቺ ክብ መዞር ትጀምራለች። ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ 100% ይላል፣ ፕሮሰሰሩ ግን 8% ላይ ቁጭ ብሏል።

አንዱ ጓደኛዬ ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባ ፈጣን ማከማቻ) ግጠምለትና አዲስ ይሆናል ይላል። ሌላው ደግሞ አሮጌ ማዘርቦርድ ፍጥነቱን ስለማይችለው ገንዘብህን አታቃጥል ይለኛል። የቱን ልስማ? ደግሞ ፎርማት ማድረግ አልፈልግም። የተጫነው ፕሮግራም ብዙ ነው፤ የአንዳንዱ ኢንስታለር ከየት እንደመጣ እንኳ አላስታውስም።

ብሎን ፈቺ

መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል እኮ። ዲስኩ 100%፣ ፕሮሰሰሩ 8% ማለት ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ዲስኩን እየጠበቀ ነው። ግጠምለት።

ሴክተር ዜሮ

ሁለተኛው ጓደኛህ ያለው ግማሹ እውነት ነው፣ ግን ካንተ ጉዳይ ጋር አይገናኝም። እስቲ ቁጥሩን እንየው።

ሳታ፣ ማለትም ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው መስመር፣ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው በሴኮንድ 150 ሜጋባይት ግድም ያሳልፋል፣ ሁለተኛው 300፣ ሦስተኛው 600። ጥሩ የሚባል የሳታ ኤስኤስዲ 550 አካባቢ ያነባል። ስለዚህ ሳታ 2 ላይ ብትሰካው ግማሹን ፍጥነት ታጣለህ። ይሄ እውነት ነው። ግን የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በደህና ቀኑ የሚያነበው 100 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ግማሹን አጥተህም ከሁለት እጥፍ በላይ አተረፍክ።

ዋናው ነገር ግን ይሄም አይደለም። ዊንዶውስ ሲነሳ አንድ ትልቅ ፋይል ቁጭ ብሎ አያነብም። በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ይለቅማል። ሃርድ ዲስክህ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ከሆነ አንድ ዙር 11 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል። የሚፈለገው ቦታ ዞሮ ማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ አለ፤ 5.6 ሚሊሴኮንድ ማለት ነው። ማንበቢያው ራሱ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ለመሄድ ደግሞ 12 አካባቢ ይወስድበታል። ደምረው። አንዷን ትንሽ ፋይል ለማግኘት 17 ወይም 18 ሚሊሴኮንድ። በሴኮንድ 60 ጊዜ እንኳ አይሞላም። አንድ ዕቃ ብቻ እያመጣ ደጋግሞ ሱቅ የሚላክ ልጅ በለው። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚዞርም የሚንቀሳቀስም ነገር የለም። ያንኑ ፋይል በ0.1 ሚሊሴኮንድ አካባቢ ያቀርበዋል። ይሄ ጥቅም ደግሞ በሳታ 2ም በሳታ 3ም ያው ነው ማለት ይቻላል።

ሳታ 2 የሚያስቆጭህ ትልልቅ ቪዲዮ ስትገለብጥ ነው። ለነገሩ ሦስተኛ ትውልድ ኢንቴል የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የዚያ ዘመን ላፕቶፖች ዋናው የዲስክ ቦታቸው ብዙውን ጊዜ ሳታ 3 ነው። ያንተም ሳይሆን አይቀርም።

ራም ይቅደም

4 ጊጋ ራም ላለው ሰው ሁላችሁም ኤስኤስዲ ኤስኤስዲ ትላላችሁ። ዊንዶውስ 10 ብቻውን ግማሹን ይበላዋል። ብሮውዘር ከፍቶ ጥቂት ታብ ሲጨምር ራሙ ይሞላል። ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን ዲስክ ላይ መጻፍ ይጀምራል። ያ 100% ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ራሙን 8 ያድርገውና ከዚያ እንነጋገር።

ወ/ሪት ባዮስ

@ራም ይቅደም፣ ነገሩ ልክ ነህ፣ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልስማማም። ራም ጨምሮ ሃርድ ዲስኩን ቢተወው ፕሮግራሙ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ይሻለዋል እንጂ እስኪከፈት መጠበቁ አይቀርለትም። ኤስኤስዲ ገጥሞ ራሙን 4 ቢተወው ደግሞ ራሙ ሲሞላ እንኳ ድርቅ ብሎ አይቀርም። ትርፉ የሚጻፈው ፈጣን ቦታ ላይ ነዋ። ገንዘቡ ለሁለቱም ከበቃ ሁለቱንም። ለአንዱ ብቻ ከሆነ ኤስኤስዲው ይቅደም፣ ራሙ ይደርሳል።

ዘገምተኛው፣ ለመለየት ቀላል ነው። ልክ እንደተነሳ፣ ምንም ሳትከፍት፣ ታስክ ማናጀርን እይ። ሜሞሪው ግማሽ አካባቢ ሆኖ ዲስኩ 100% ከሆነ ጥፋተኛው ራም አይደለም።

ከመግዛትህ በፊት ደግሞ ሌላ ነገር። ዲስኩ ታሞ ቢሆንስ? ሊሞት የደረሰ ሃርድ ዲስክም እኮ 100% ነው የሚለው። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። አውርደህ ክፈተውና 05፣ ሲ5 እና ሲ6 በሚሉት መስመሮች ላይ የተጻፈውን ንገረን።

ዘገምተኛው

ሜሞሪው 58%፣ ዲስኩ 100%። ክሪስታልዲስክኢንፎ ደግሞ ቢጫ አሳይቶ ተጠንቀቅ ይላል። 05 ሁሉም ዜሮ ነው። ሲ5 መጨረሻው ላይ 10 አለው። ሲ6 ዜሮ። 10 ብዙ ነው እንዴ?

ወ/ሪት ባዮስ

10 አይደለም፣ 16 ነው። ፕሮግራሙ ካልቀየርከው በስተቀር ቁጥሩን የሚያሳየው በሄክሳዴሲማል ነው።

ሲ5 ማለት ዲስኩ ላነብ ሞክሬ አቅቶኛል፣ ግን ገና አልወሰንኩባቸውም ብሎ የያዛቸው ሴክተሮች፣ ማለትም የዲስኩ ትናንሽ ክፍልፋዮች፣ ናቸው። 05 ደግሞ ቆርጦላቸው ከመጠባበቂያ የተካቸው። 16 ሴክተር በራሱ የዓለም ፍጻሜ አይደለም። የሚያስፈራው ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ ነው። ዲስኩ የማይነበብ ቦታ ላይ ሲደርስ ደጋግሞ ይሞክራል፣ አንተ ደግሞ ክቧ ስትዞር ታያለህ።

እና ለጊዜው ኤስኤስዲውን እርሳው። ዛሬውኑ ሰነዶችህን፣ ፎቶዎችህን፣ የማይተካ ነገር ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጥ። ገልብጠህ ሳትጨርስ ዲፍራግ (የተበታተኑ ፋይሎችን መሰብሰብ) እንዳታደርግ፣ ቼክ ዲስክም (የስህተት ፍተሻ) እንዳታስነሳ። ሁለቱም ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ነው የሚያለፉት፤ የታመመ ዲስክ ደግሞ ያን አይችልም። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማህ ወዲያው አጥፋው።

ኮፒ ፔስት

እኔ ግን ክሎን ያድርገው፣ ማለትም ዲስኩን እንዳለ ወደ አዲሱ ይገልብጠው ባይ ነኝ። ሰውዬው ፕሮግራሞቼን አልፈልግም አላለም። ከዩኤስቢ ወደ ሳታ የሚቀይር ገመድ ይግዛ፣ አዲሱን ኤስኤስዲ ከውጭ ይሰካ፣ ክሎኔዚላ ወይም ከኤስኤስዲው አምራች በነጻ የሚወርደውን ፕሮግራም ተጠቅሞ ይገልብጥ። ከዚያ ዲስኮቹን ይቀያይራቸው። ዊንዶውሱ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል፣ የዴስክቶፑ ፎቶ እንኳ አይቀየርም።

ልብ በል ግን፣ ሲ ድራይቭን ብቻ ሳይሆን ዲስኩን በሙሉ ነው ክሎን የምታደርገው። ሲ ብቻ ከሄደ አይነሳም። ማስነሻው ያለው በተደበቀች ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ላይ ነው። አዲሱ ዲስክ ከድሮው ቢያንስም ችግር የለውም፣ 500 ጊጋው ላይ የሞላው 150 ከሆነ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ይበቃል። አንዳንድ ፕሮግራም ራሱ አሳንሶ ይገለብጣል። ክሎኔዚላ ግን መድረሻው እንዲያንስ አይወድም፣ ፓርቲሽኑን ቀድመህ ማሳነስ ይኖርብሃል። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ካለ መጀመሪያ ይፈታ፣ የመክፈቻ ቁልፉም የሆነ ቦታ ይጻፍ። ደግሞ ክሎኑ እንዳለቀ ሁለቱንም ዲስክ ሰክተህ አታስነሳ። መታወቂያቸው አንድ ስለሆነ ዊንዶውስ ይምታታበታል።

ሴክተር ዜሮ

ጤነኛ ዲስክ ቢሆን ኖሮ የጻፍከውን እንዳለ እፈርምበት ነበር። ሲ5 ላይ 16 እያለ ግን አይሆንም። አብዛኛው የክሎን ፕሮግራም የማይነበብ ሴክተር ላይ ሲደርስ ወይ ይቆማል ወይ ለሰዓታት ይንጠለጠላል። ቢያልፈው እንኳ ያ ቦታ በባዶ ይሞላል። ባዶ የሆነው የዊንዶውስ ፋይል ከነበረ አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ የሚነሳው በሽታውን የወረሰ ዊንዶውስ ነው። ከዚያ ሰውዬው ኤስኤስዲውን ይረግማል።

የግድ ከሆነ ሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪው የሚባል መሣሪያ አለ። መጀመሪያ የሚነበበውን ሁሉ በፍጥነት ያነሳል፣ አስቸጋሪዎቹን ለመጨረሻ ያቆያል፣ የት እንደደረሰም ስለሚመዘግብ ቢቋረጥ ከዚያው ይቀጥላል። እሱ ግን ፋይል ለማዳን ነው የሚመረጠው። እኔ ዊንዶውስን በዚያ መንገድ አላሻግርም፣ አዲስ ነው የምጭነው።

ስለ ፈቃዱ አትጨነቅ። የዊንዶውስ 10 ዲጂታል ፈቃድ የሚያያዘው በዋነኝነት ከማዘርቦርዱ ጋር ነው። ዲስክ ስለቀየርክ አይጠፋም። ያንኑ እትም ጭነህ ኢንተርኔት ስታገኝ ራሱን ያነቃል። ሌሎቹን በግዢ የገቡ ፕሮግራሞች ግን ከመንቀልህ በፊት ቁልፋቸውን መዝግብ።

ኮፒ ፔስት

እሺ፣ በታመመ ዲስክ ላይ ክርክር የለኝም።

ዘገምተኛው

አሳምናችሁኛል። ሰነዶቹን እየገለበጥኩ ነው፣ ሁለት ቪዲዮ ብቻ እምቢ ብለውኛል፣ ይቅሩ። አዲስ እጭናለሁ። አሁን ጥያቄዬ ስለ ኤስኤስዲው ነው። ተጽፎበት ተጽፎበት ያልቃል የሚሉት ነገር እውነት ነው? ደግሞ አንድ ቦታ 2 ቴራ የሚል አይቼ ዋጋው ከ240ዎቹ ብዙም አይርቅም። ልግዛው?

ብሎን ፈቺ

አትግዛው!!

ወ/ሪት ባዮስ

ብሎን ፈቺ ሁልጊዜ እጥር ምጥን ነው :) ላብራራው።

ዋጋው ለማመን የሚከብድ ከሆነ አትመነው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ሲከፈቱ ትንሽ የሜሞሪ ካርድ ወይም ተራ ፍላሽ ነው የሚገኝባቸው። መጠኑን 2 ቴራ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ ተሞልቷል። ኮምፒውተሩም አምኖ 2 ቴራ ብሎ ያሳያል። ፋይል ስትገለብጥ ይቀበላል። እውነተኛው ቦታ ካለቀ በኋላ ግን የድሮውን እየደመሰሰ ይጽፋል ወይም ዝም ብሎ ይጥለዋል። ፋይሉ ስሙ አለ፣ ውስጡ የለም። ስለዚህ አዲስ ዲስክ ሲገባ ምንም ሳታስቀምጥበት ከዳር እስከ ዳር ጽፎ መልሶ በሚያነብ ፕሮግራም ፈትነው። ኤፍ3 የሚባለው ለዚሁ የተሠራ ነው።

ያልቃል ለተባለው፣ አዎ ያልቃል። መቼ የሚለው ነው ጥያቄው። አምራቾች ይህን ያህል ቴራባይት ቢጻፍበት ዋስትና እንሰጣለን ብለው ይጽፋሉ። ከታወቁት ውስጥ አንድ የ250 ጊጋ ሞዴል 150 ቴራባይት ተብሏል። በቀን 20 ጊጋ ትጽፋለህ እንበል። ለተራ ተጠቃሚ ብዙ ነው። በዓመት 7.3 ቴራ ይሆናል። 150 ለመድረስ 20 ዓመት። ላፕቶፕህ እስከዚያ ከኖረ እኔ ራሴ ልጎበኘው እመጣለሁ። እና ዕድሜውን ላስረዝም ብለህ ፔጅ ፋይል (ራም ሲሞላ ትርፉ የሚጻፍበት) አጥፋ፣ ይሄን ወደ ሌላ ፓርቲሽን አዛውር የሚሉህን አትስማ። በ4 ጊጋ ራም ፔጅ ፋይል ብታጠፋ ብሮውዘሩ ነው የሚዘጋብህ።

ራም ይቅደም

ራም! ብያለሁ።

ጡረተኛው መምህር

ልጆች፣ ውይይታችሁን ስከታተል ነበር። እኔም የቆየ ላፕቶፕ አለኝ፣ ስስ ነው። ከሥሩ ያለውን ክዳን ከፍቼ ሳይ ከሃርድ ዲስኩ ሌላ አንድ ትንሽ ባዶ የካርድ ቦታ አለው። እዚያ ላይ ያ ማስቲካ የሚያህለው ኤስኤስዲ ይገባል? ሁለተኛ፣ የቤተሰብ ፎቶዎችን ኤስኤስዲ ላይ ሞልቼ መሳቢያ ውስጥ ለማስቀመጥ አስቤ ነበር። ይበጃል?

ሴክተር ዜሮ

ጋሼ፣ ጥሩ አድርገው ጠየቁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ነው የማይሆን ዕቃ የሚገዛው።

ያዩት ቦታ ከሦስቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው የሲም ካርድ ሞደም የሚገባበት ነው። ኤስኤስዲ የሚቀበል ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ አይቀበልም። ሁለተኛው ኤምሳታ የሚባለው፣ አጭርና ሰፋ ያለ ካርድ፣ ሁለት ብሎን የሚይዘው። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 አካባቢ በወጡ ስስ ላፕቶፖች ላይ ይገኛል። ሦስተኛው እርስዎ ማስቲካ ያሉት፣ ኤም.2 ነው። 2280 የሚል ካዩ ስፋቱ 22 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 80 ማለት ነው።

ኤም.2 ሆኖ እንኳ አላለቀም። ቅርጹ አንድ ሆኖ ቋንቋው ሁለት ነው። አንዳንዱ ቦታ ሳታ ብቻ ነው የሚያወራው፣ አንዳንዱ ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ፈጣኑን፣ ጥቂቱ ሁለቱንም። ሳታ በሚያወራ ቦታ ላይ ኤንቪኤምኢ ቢሰኩ ጭራሽ አይታይም። ደግሞ ቢታይም የድሮ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ከኤንቪኤምኢ ላይ ዊንዶውስ ማስነሳት ብዙ ጊዜ አያውቅበትም። ስለዚህ የላፕቶፑን ሞዴል ሙሉ ስም ከሥሩ ካለው ወረቀት ላይ አንብበው የአምራቹን የጥገና ማኑዋል ይፈልጉ። እዚያ ላይ በግልጽ ይጻፋል። ካላገኙ ዋናውን ሃርድ ዲስክ አውጥተው በ2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ መተካት ከሁሉ ያነሰ ጣጣ አለው።

የፎቶውን ነገር ግን አልመክርም። ኤስኤስዲ መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፣ ያለ ኃይል ሲቀመጥ ቀስ እያለ ይሟጠጣል። የኢንዱስትሪው መመዘኛ የጽሑፍ ዕድሜውን የጨረሰ የተራ ተጠቃሚ ኤስኤስዲ ኃይል ሳያገኝ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ1 ዓመት መረጃውን እንዲይዝ ነው የሚጠይቀው። አዲሱ ከዚያ በጣም ይበልጣል፣ ግን ለዓመታት የሚረሳ ነገር አይደለም። ለመሳቢያ ሃርድ ዲስክ ይሻላል። እሱም አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ቅጂ፣ ሁለተኛው ሌላ ቤት። ሌላም ልዩነት አለ። ከሃርድ ዲስክ ላይ በስህተት የተደመሰሰ ፋይል ቶሎ ከተደረሰበት ሊድን ይችላል። ኤስኤስዲ ላይ ትሪም የሚባለው አሠራር የተደመሰሰውን ቦታ ስለሚያጸዳው መመለስ የማይታሰብ ነው።

ጡረተኛው መምህር

እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ የሚያስረዳ አጥቼ ነው እስካሁን። ሥር ያለውን ወረቀት አነበብኩት፤ ማኑዋሉ ላይ ቦታው የሞደም ነው ይላል። ተረፍኩ!

ዘገምተኛው

240 ጊጋ፣ 2.5 ኢንች፣ ሳታ ገዛሁ። አሁን ካቻቢቴ ይዤ ተቀምጫለሁ፣ ላፕቶፑን ከፍቼ አላውቅም። ምን ላድርግ? ደግሞ ከድሮው ዲስክ ቀጠን ያለ ነው፣ ልክ ነው?

ብሎን ፈቺ

አሁን የኔ ተራ ነው።

ቀጠን ማለቱ ልክ ነው። የድሮዎቹ ሃርድ ዲስኮች ውፍረታቸው ብዙውን ጊዜ 9.5 ሚሊሜትር ነው፣ ኤስኤስዲ 7። ዲስኩ በፍሬም የሚታሰር ከሆነ ልዩነቱ ምንም አይደለም። እንዲሁ የሚሰካ ከሆነና ከገባ በኋላ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ከካርቶኑ ውስጥ የፕላስቲክ ክፈፍ ይኖራል፣ ለጥፈው። ከሌለም ቀጭን ስፖንጅ ቢጤ ከላይ ጣል አድርግ። ብረት ነክ ነገር ግን አይሁን።

መጀመሪያ በደንብ አጥፋው። ዊንዶውስ 10 ሻት ዳውን ስትለው ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ሺፍትን ተጭነህ ይዘህ ሻት ዳውን በለው። ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ አውጣ። ከውስጥ ከሆነ ክዳኑን እንደከፈትክ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ሶኬት ንቀል። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ተጫን፣ የቀረ ኃይል ካለ ይውጣ። ቆርቆሮ ነገር ነካ አድርግ። ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለህ አትሥራ።

ብሎኖቹ ላይ ነው ጣጣው። የላፕቶፑን ሥር በወረቀት ላይ ሣልና እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ ላይ በፕላስተር ለጥፈው። ቀልድ እንዳይመስልህ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል፣ ረጅሙን አጭር ቦታ ላይ ካሰርከው በላይ በኩል ፕላስቲኩን በስቶ ይወጣል። ካቻቢቴው ከብሎኑ ጭንቅላት ጋር ልክ ካልሆነ ጥርሱን ትበላዋለህ፣ ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ነው። ሁሉንም ፈትተህ ክዳኑ እምቢ ካለ አትታገለው፣ የቀረ ብሎን አለ። ጎማ እግሮቹ ሥር ወይም ስቲከር ሥር ተደብቆ ይሆናል። ሲዲ ማጫወቻ ካለውም እሱን የያዘች አንድ ብሎን አትጠፋም።

ዲስኩን ስታወጣ ወደ ላይ አታንሳው። ከሶኬቱ ራቅ እንዲል ወደ ጎን በቀጥታ ሳበው፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። አንዳንዱ ሶኬት በቀጭን ጠፍጣፋ ገመድ የተያያዘ ነው፣ እሱን በጣም ተጠንቀቅለት። ፍሬሙን ከአሮጌው ፍታና ለአዲሱ እሰር። ሲሰካ ቀጥ ብሎ እስኪገጥም ድረስ፣ በጉልበት ሳይሆን።

ወ/ሪት ባዮስ

ከመዝጋትህ በፊት የኔን ጨምርበት። ሁሉንም ብሎን ሳታስር አንዴ አስነሳውና ባዮስ ውስጥ ግባ። አዲሱ ዲስክ ስሙ ይታያል? ካልታየ ሶኬቱ አልገጠመም ማለት ነው።

እዚያው ሳለህ የሳታ ሞድ የሚለውን እይ፣ ኤኤችሲአይ መሆን አለበት። አይዲኢ ከሆነ አሁን ቀይረው፣ ዊንዶውስ ሳትጭን። ከጫንክ በኋላ ብትቀይረው ሰማያዊ ስክሪን ነው የሚጠብቅህ። ለዚያም መላ አለው፤ ሴፍ ሞድ ላይ እንዲነሳ አዘህ፣ ሪስታርት አድርገህ፣ በመሃል ባዮሱን ቀይረህ። ግን ለምን ትደክማለህ።

ማስነሻውም ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ ዘዴ) ይሁን፣ ባዮስህ ካለው። ስትጭን ኤስኤስዲው ላይ ያለውን ፓርቲሽን ሁሉ ደምስሰህ ባዶውን ቦታ ምረጥና ቀጥል በለው፣ የቀረውን ራሱ ይከፋፍላል። ከጫንክ በኋላ ዲፍራግመንት ኤንድ ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ የሚለውን ክፈትና የዲስኩ ዓይነት ሶሊድ ስቴት ድራይቭ መባሉን ተመልከት። እንደዚያ ካለ ዊንዶውስ ዲፍራግ ሳይሆን ትሪም ነው የሚያደርግለት፣ በራሱ ጊዜ። ኤስኤስዲውን ጢም አድርገህ አትሙላው። አሥር፣ አሥራ አምስት ከመቶ ባዶ ተውለት፤ በተለይ ርካሾቹ ሲሞሉ ይዘገያሉ።

ፔንጉዊኑ

ቆይ ቆይ ቆይ። ዊንዶውስ 10ን እንደ አዲስ ልትጭኑለት ነው? ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል እኮ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ሦስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር አልቀበልም ይላል፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይፈልጋል። ዲስኩ ባዶ ነው፣ ሰውዬው አዲስ ሊጭን ነው፣ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ሊኑክስ ሚንት ይጫንበት። በ4 ጊጋ ራም ደግሞ ኤክስኤፍሲኢ የሚለውን እትም ይምረጥ፣ እሱ ቀለል ያለው ነው።

ኮፒ ፔስት

መጣ ደግሞ። ማንኛውም ጥያቄ መልሱ ሊኑክስ ነው።

ፔንጉዊኑ

ትስቃለህ፣ ግን የደኅንነት ማሻሻያ የማይመጣለትን ሲስተም ለባንክ ሥራ ትከፍተዋለህ? ሰውዬውን አላስገድድም። ፍላሽ ላይ አድርጎ ሳይጭን ይሞክረው። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ፕሪንተሩ ከሠራ ይጫን። ካልሠራ ፍላሹን ነቅሎ ወደ ዊንዶውሱ ይመለስ፣ ዲስኩ ላይ ምንም አይነካም። ትሪሙም በየሳምንቱ ራሱ ይሠራል፣ ምንም መንካት የለበትም።

ሴክተር ዜሮ

ፔንጉዊኑ ዛሬ እውነቱን ነው። ሥራው ብሮውዘርና ጽሑፍ ከሆነ ሚንት ይበቃዋል። ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ የሒሳብ ወይም የዲዛይን ፕሮግራም ካለው ግን በሁለት ልብ አይሁን፤ ዊንዶውስ 10 ይጫንና ኢንተርኔት ላይ የሚያደርገውን ይወስን።

ዘገምተኛው

ሚንቱን በፍላሽ ሞከርኩት፣ ዋይፋዩ ወዲያው ተያያዘ። ፕሪንተሩን ገና አልሞከርኩም። አንድ የማልተወው የዊንዶውስ ፕሮግራም ስላለኝ ለጊዜው ሁለቱንም ጎን ለጎን ልጭን አስቤያለሁ፣ መጀመሪያ ዊንዶውስ ከዚያ ሚንት።

የመጨረሻ ጥያቄ። የወጣውን ሃርድ ዲስክ በሲዲ ማጫወቻው ቦታ ላይ በካዲ (ዲስኩን በሚይዝ ክፈፍ) ማስገባት ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ለፊልም ማስቀመጫ ይሆነኝ ነበር።

ወ/ሪት ባዮስ

ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ዲስኩን ፈትነው። ከውጭ በገመድ ሰክተህ ፎርማት አድርገው፣ ኩዊክ የሚለውን ምልክት አንስተህ። ያኔ ዲስኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዜሮ ይጻፍበታል፣ በዩኤስቢ 2 ከሆነ ሰዓታት ይፈጃል። አሳልፈህ ለሰው ብትሰጠውም ይሄው አንዴ መጻፉ ለሃርድ ዲስክ ይበቃል። ለኤስኤስዲ አይሠራም፣ የሱ መደምሰሻ ትእዛዝ ሌላ ነው።

ካለቀ በኋላ ሲ5ን እንደገና እይ። ዜሮ ከሆነና 05ም ካልጨመረ ሴክተሮቹ ሲጻፍባቸው ድነዋል ማለት ነው፣ ለፊልም ይሆናል። 16ቱ ወደ 05 ከተዛወሩ ዲስኩ ተክቷቸዋል፤ ለጊዜው ይሠራል፣ ግን ቢጠፋ የማያስከፋህን ብቻ አስቀምጥበት። ሲ5 እንደገና መቁጠር ከጀመረ ካዲውን አትግዛ።

ከገዛህ ደግሞ ውፍረቱ ሁለት ዓይነት ነው፣ 9.5 እና 12.7 ሚሊሜትር። ሲዲ ማጫወቻውን አውጥተህ ለካ። ኤስኤስዲውን ወደዚያ እንዳታዛውረው፣ ያ ቦታ ብዙ ጊዜ ሳታ 2 ነው። የማጫወቻውን የፊት ፕላስቲክም ነቅለህ ካዲው ላይ ግጠመው፣ አለበለዚያ ጎኑ ክፍት ሆኖ አቧራ ይገባል።